ሱዠን ያላለችው ቃል

ብየን ሱዠንን «እንደምን ዋልሽ?» ብሎ ለሚጠይቃት ሰው መልሷ አንድ ቃል ነበር፤ «አኦ።» በእኛ አገር፣ ከዌይ ወንዝ በስተሰሜን ባለው ፖም አብቃይ ደጋ፣ ደከመኝ ማለት ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ቢሰማት ግን «እያፈላሁ ነው» ያለችው ሊመስለው ይችላል፤ እሱም አይሳሳትም። ሁልጊዜ የምናገኛት ከምድጃው ፊት በአጭር ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የአማቷን የሥራሥር መድኃኒት በሸክላ ማሰሮ ስታንተከትክ ነበርና።

ቃሉ እንዲህ ነው፤ የማይገባበት ቤት የለም። አጥሚት በለዘብታ እሳት ላይ ሲንተከተክ አኦ ነው። ሳይተኙ ማንጋትም አኦ ነው። ንስር የሚያሠለጥኑ ሰዎች ወፏን እንቅልፍ ነሥተው እልኋን ሲያስጨርሷት «አኦ አደረግናት» ይላሉ። ያገባች ልጅ እናቷ ቤት ሄዳ ጥቂት ስታርፍ ደግሞ ያም በዚሁ ስም ይጠራል፤ በጣፋጭነቱ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ግን ምክር ሆኖ ሲመጣ ነው። «አኦ በይው» ይሉሻል፤ ቻይው፣ ያልፋል ማለታቸው ነው። ለቸኮለ ጆሮ «አዎ» ትመስላለች፤ ሱዠንም ዕድሜዋን ሙሉ እንደ አዎ ነው የተቀበለቻት።

እኔ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። ቤቶቻችን አንድ ገደል ውስጥ ጎን ለጎን የተፈለፈሉ ናቸው፤ እሷ ስታስል እኔ ቤት ይሰማል። የምነግራችሁን አብዛኛውን አይቼዋለሁ። ያላየሁትን ደግሞ በበጋ ፖሙን በወረቀት ከረጢት ስንሸፍን፣ እሷ በአንዱ መሰላል እኔ በሌላው ሆነን፣ እሷው ነግራኛለች።

ሱዠን ከታችኛው ሸለቆ ለዳንግ ማንጻንግ ተድራ ስትመጣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ትንሽም ችኩል ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ጠዋት የቢጫ ዳጉሳ አጥሚት ሠርታ ለአማቷ አቀረበች። አማቷ እማማ ኮው ይባላሉ። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ሳህኑን ይዘው ወጥተው ለዶሮዎቹ ደፉት።

«ውሃውና ፍሬው ገና አልተዋወቁም» አሉ ተመልሰው።

«እናቴ፣ በስሏል እኮ።»

«መብሰልና አኦ አንድ ነው እንዴ? እናትሽ ምድጃ ፊት አስቀምጣሽ አታውቅም? እሳቱን ቀንሺ፣ ቁጭ በይ፣ አማስይ። ላዩ ላይ ዘይት የመሰለ ቆዳ ሲያወጣ ያኔ ጥሪኝ።»

ሱዠን ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ምድጃ ፊት ተነሥታ አታውቅም ብል ብዙ አልዋሸሁም።

እማማ ኮው እጃቸውም ምላሳቸውም ከባድ ነበር። ኑድሉን አወፍራ ቆረጠችው ብለው በሊጥ መዳመጫው ጣቶቿን መትተዋታል። እርጉዝ ሆና ከሸለቆው ውሃ በትከሻ ስትቀዳ «የእኔ ሆድ ከዚህ ይበልጥ ነበር» ይሏት ነበር። የምትበላው ሁሉም በልቶ ሲጨርስ ነው፤ ያውም ቆማ። ባሏ ማንጻንግ ክፉ ሰው አልነበረም። በስተደቡብ ካለው የከሰል ጉድጓድ ለስንዴ አጨዳና ለዘመን መለወጫ ይመጣል፤ እናቱና ሚስቱ የተጣሉ እንደሆነ ትንባሆውን ይዞ ደጅ ይወጣና ቁጢጥ ይላል። እስኪጨርሱ ያጨሳል።

ስንዴው ከገባ በኋላ ወንድሟ በብስክሌት መጥቶ ወደ እናቷ ቤት ይወስዳታል። ምራት ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያንን ቀን ነበር የምትጠብቀው። አንድ ዓመት ሱዠን ከእናቷ ጋር መደቡ ላይ ተጋድማ «እማ፣ አልመለስም» አለች።

እናቷ ሹሩባዋን እየፈቱ ነበር። «እኔ የአባትሽን እናት ስንት ዘመን የቻልኳቸው ይመስልሻል? ተንተክተኪ ልጄ። ምራት ተንተክትካ ተንተክትካ አማት ትሆናለች። ያኔ አንቺ መደቡ ላይ ትቀመጫለሽ፤ ሌላዋ አጥሚቱን ይዛ ትመጣልሻለች።»

ይህን አባባል እኛ አገር የማያውቀው የለም። ሴቶች ልጆች ገና እየዳሁ ይሰሙታል። ሱዠን ግን እንደ ተረት አልሰማችውም፤ ቃል እንደተገባላት ያህል ያዘችው። በወንድሟ ብስክሌት ኋላ ተቀምጣ ተመለሰች።

ማንጻንግ ሳንባውን ይዞ የተመለሰው ልጃቸው ሁይሚን ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው። ደረጃ ሲወጣ እንደ ወናፍ ይነፋል። ከዚያ ወዲያ ከሰል አልቆፈረም፤ መደቡ ላይ ተኛ። ሱዠን መድኃኒት ማንተክተክ የጀመረችው ያኔ ነው። የሥራሥሩ ሽታ በግድግዳው አልፎ እኔ ቤት ልብሳችን ውስጥ ገባ። አተላውን ልማዱ እንደሚያዘው መንገድ ላይ ትደፋዋለች፤ አላፊ አግዳሚው እየረገጠ በሽታውን ይዞት እንዲሄድ። ያን ክረምት መንደሩ በሙሉ የማንጻንግን በሽታ ረገጠ፤ ማንም ግን ይዞት አልሄደም።

«ሱዠን፣ ተይው፤ ይበቃል» ይላታል ባሏ።

«ጠጣ።»

«ይመራል።»

«ማር ነው ያልኩህ መቼ ነው? ጠጣ።»

በደጇ የሚያልፈው ሁሉ «ጸደይን ካየ ይተርፋል፤ እስከዚያ ብቻ አኦ ያድርገው» ይል ነበር። ማንጻንግ ኮኩ ሳያብብ ሞተ።

ሱዠን ገና ወጣት ነበረች። ከወዲያኛው መንደር አንድ ሚስቱ የሞተችበት አናጢ ሰው ላከባት። እጁ ንጹሕ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ስታስበው ሰነበተች፤ እንዲያውም አንድ ቀን ፀጉሯን ታጥባ አጥር ላይ ስታደርቅ አይቻታለሁ። እማማ ኮው ከውስጥ ሆነው «መሄድ ትችያለሽ፤ ልጁ ግን የዳንግ ቤት ልጅ ነው» አሏት። ፀጉሯን ጠቅልላ ገባች። አናጢውም ሌላ አገባ።

ሁይሚን ትምህርት አልሆነለትም፤ መንጃ ፈቃድ አወጣና ፖም ጭኖ ወደ ደቡብ መመላለስ ጀመረ። መልኩ የአባቱ ነው፤ ዝምታውን ግን አልወረሰም። መንገድ ዳር ከሚበላበት ቤት ታስተናግድ የነበረችውን ሌይ ሩይፋንግን ወዶ አመጣት። ክብ ፊት ያላት፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ ልጅ ናት።

በሠርጉ ቀን በልማዳችን የሙሽራው እናት ፊት ጥቀርሻና ቀይ ቀለም ይቀባል። የመንደሩ ወንዶች ሱዠንን ከማድ ቤት ጎትተው አወጧት፤ ቀቧት፤ የወረቀት ቆብ ደፉባት። «አማት ሆነች! ተንተክትካ ወጣች!» እያሉ ግቢውን አዞሯት። ሳቀች። እንባዋ በጥቀርሻው ላይ ሁለት ነጭ መስመር አወጣ። ያን ያህል ጊዜ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱዠን ፀጉሯን አበጥራ፣ አዲሱን ጃኬቷን ለብሳ፣ መደቡ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አጥሚት እየጠበቀች። ሙሽራይቱ ተኝታለች። ፀሐይ ከግቢው ግድግዳ ወርዳ መሐል ደረሰች። ሙሽራይቱ ተኝታለች። በመጨረሻ ከጓዳ የእማማ ኮው ድምፅ መጣ፤ «ሱዠን! በረሃብ ልትገድይኝ ነው?»

ሱዠን ጃኬቷን አውልቃ ተነሣች። አጥሚቱ ሲደርስ ሩይፋንግ ዓይኗን እያሸች ወጣችና ሳህኑን ጭልጥ አድርጋ ጠጣች። «እማ! እንዴት ይጣፍጣል! ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ምንም። ቁጭ ብዬበት ነው።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «አማት ሆንሽ ስትሉኝ አልነበረም?»

«ሆንሽ እንጂ።»

«ታዲያ መደቡ ላይ ያለው ማነው?»

«እማማ ኮው።»

«ምድጃው ፊትስ?»

«አንቺ።»

«እና ምኑ ነው የተለወጠው?»

«ቆብ አደረግንልሽ እኮ» አልኳት። በያዘችው የጎመን ግንድ ወረወረችብኝ።

ሩይፋንግ ግን ክፉ ልጅ አልነበረችም። ጠዋት አይሆንላትም እንጂ ከነቃች በኋላ ቤቱን ሕይወት ትዘራበታለች። የእማማ ኮውን የእግር ጥፍር የምትቆርጠው እሷ ናት፤ አሮጊቷ ሱዠንን «ልትቆርጪኝ ነው!» ብለው ይጮሁባት ነበር፤ ለእሷ ግን እግራቸውን ዘርግተው ያንቀላፋሉ። ለሱዠን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድስት ገዝታ አመጣች፤ ቁልፉን ተጭኖ መሄድ ነው። እማማ ኮው ከዚያ የወጣውን አንድ ጊዜ ቀምሰው «ሰው ያልጠበቀው ምግብ» ብለው መለሱት። ድስቱ የዶሮ እንቁላል ማስቀመጫ ሆነ። ከዚያ ዶውዶው ተወለደች፤ ስሟ «ትንሿ ባቄላ» እንደማለት ነው፤ እሷም ባቄላ ነበረች። ሱዠን ያቺን ልጅ በጀርባዋ አዝላ አሁን ደግሞ ለታመሙት እማማ ኮው መድኃኒት ስታማስል ሳያት ድካሟ ትንሽ የቀለለ ይመስለኝ ነበር።

ሁይሚን ከረጅም መንገድ ሲመለስ መጠጣት ያመጣው ልጅቷ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ነው። በግድግዳው በኩል መጀመሪያ ጩኸት ሰማሁ። ኋላ ጩኸቱ ቆመና ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

ፖም በምንሸፍንበት ወር፣ ሙቀቱ ቅጠል በሚያጠወልግበት፣ ሩይፋንግ ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ መጣች።

«በዚህ ሙቀት ምነው?» አልኳት።

«ፀሐይ እንዳያጠቁረኝ ነው፣ አክስቴ።»

ነፋስ ሻሹን አነሣው። ሱዠን ከሚቀጥለው ዛፍ መሰላል ላይ ነበረች፤ አየች። እጇ አልቆመም። አንዱን ፖም ሸፈነች፣ ሌላውን ሸፈነች። ቤት ስትገባ ግን እንቁላል ቀቅላ፣ ልጣ፣ እንደሞቀ በሩይፋንግ ጉንጭ ላይ እያንከባለለች ያበጠውን አሻሸችላት። ይህን ኋላ የነገረችኝ ሩይፋንግ ናት።

ሁይሚን ሲነቃ ሱዠን አልጋው ግርጌ ቆማ ጠበቀችው። «እጅህን ሰብስብ።»

«ጠጥቼ ነው እማ፤ አላወቅኩም።»

«ያላወቀ እጅ ጉንጭ አያገኝም።»

«አባቴማ ዝም ብሎ ሞተ፤ እኔንም እንደሱ እንድሆን ነው የምትፈልጊው?»

ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ጥቂት ወራት ሰላም ሆነ። መኸር ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ ፖሞች ተለቅመው ግቢው ውስጥ ተቆልለው ሳለ፣ ሁይሚን የእንጨት ዱካ አንሥቶ ሩይፋንግ ላይ ወረወረ። የግራ ክንዷ ተሰበረ። ዶውዶውን በቀኟ ታቅፋ በአላፊ ሞተር ብስክሌት እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ አላሳደሯትም ማለት ይቻላል። ክንዷ በጄሶ ታስሮ፣ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ፣ ከአጎቷና በእንፋሎት ከበሰለ ትኩስ ዳቦ ጋር መልሰው አመጧት። እኔም ጎረቤት ነኝና ተጠራሁ። ቀትር ነበር። የፖሙ ክምር ዙሪያ በዱካና በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጥን። ሁይሚን አንገቱን ደፍቶ ጥፍሩን ይልጣል። ሱዠን ብቻ አልተቀመጠችም፤ ከማድ ቤቱ ደጃፍ የእማማ ኮውን መድኃኒት እያጠለለች ነበር።

የሩይፋንግ እናት ጀመሩ። «የልጆች ነገር ነው። ባልና ሚስት በአልጋው ራስጌ ተጣልተው በግርጌው ይታረቃሉ።»

አጎትየው ፒፓቸውን አንኳኩ። «ልጁ አጥፍቷል፤ ይቅርታ ይበል። ልጅቷም ምላሷን ትሰብስብ። ቤት መፍረስ የለበትም።»

«ይቅርታ» አለ ሁይሚን ለጫማው።

ሩይፋንግ ፊቷን ወደ ፖሙ ክምር አዞረች።

«ይኸው እንዲህ ነው የምትሆነው» አሉ እናቷ። «እኔ ብነግራት አትሰማኝም። ወንድሟ አግብቶ ቤቴ ሞልቷል፤ የት ላስገባት? እትዬ ሱዠን፣ አንቺ ንገሪያት። ይህን ከአንቺ የበለጠ ማን ያውቃል? ያን ሁሉ አሳልፈሽ ይኸው ዛሬ የተከበርሽ አማት ነሽ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ‹አኦ በይው› በያት።»

ሁላችንም ወደ ሱዠን ዞርን። ማሰሮውን መሬት ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ አለችና ተወችው፤ ይዛው መጣች።

«ምን ልበላት?»

«ያልኩሽን።»

«እሱማ ለእኔም ተብሏል» አለች ሱዠን። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ የደከመ ድምፅ ነበር። «እናቴ ብላኛለች። እርጉዝ ሆኜ ውሃ ስሸከም ጎረቤቱ ሁሉ ብሎኛል። ባሌን ሳስታምም መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ብሎኛል። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። እንግዲህ እዩኝ።» ማሰሮውን አዘንብላ ውስጡን አሳየቻቸው። «ይሄ ጠዋት መድኃኒት ነበር። ጉልበቱ ወጥቶ ሳህን ውስጥ ገባ። የቀረው ይሄ ነው፤ መንገድ ላይ የሚደፋው። ልጅሽን ለዚህ ነው ያመጣሽልኝ?»

«እንዴ፣ እትዬ...»

«አልነግራትም። ይህን ቃል ከእኔ አፍ አትሰሚውም።»

ሁይሚን ተነሣ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። «እማ! አንቺ የማን እናት ነሽ?»

«ያንተ። ያንተ እናት ባልሆን ኖሮማ ዝም እል ነበር።»

«ሚስቴን ከቤቴ ልታስወጪ?»

«አንተ አስወጥተሃታል። ክንዷን እየው። እኔ በሩን ነው የከፈትኩት።»

አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። አጎትየው በፒፓቸው ደረቱን ገፉትና «ተቀመጥ!» አሉት። ተቀመጠ።

ሱዠን ወደ ሩይፋንግ ዞረች። «ልጄ፣ እናትሽ ቤት ቦታ ከሌለ ከተማ ውስጥ ቤት ይከራያል። ፖም እየለዩ የሚያሽጉበት መጋዘን ሁልጊዜ ሴቶች ይፈልጋል። ክንድሽ እስኪጠገን ድረስ እየተመላለስኩ አጥብልሻለሁ፣ ልጅቷን እይዝልሻለሁ። እዚህ ቤት ግን አትክረሚ።»

ሩይፋንግ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን አለቀሰች። «እማ፣ አንቺስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? እኔ አንዴ በስያለሁ።»

«እንዲህ ያለች አማት በዘመኔ ሰምቼ አላውቅም!» አሉ የሩይፋንግ እናት ዳቧቸውን መልሰው እየሰበሰቡ። «የገዛ ልጇን ትዳር የምታፈርስ!»

ከጓዳ ደግሞ እማማ ኮው፤ «ማነው የሚንጫጫው? መድኃኒቴስ?»

ሱዠን መድኃኒቱን ይዛላቸው ገባች።

ፍቺው ከተማ ውስጥ ተፈረመ። ሩይፋንግ መጋዘኑ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። ሱዠን ለአማቷ ጠዋት መድኃኒቱን አጠጥታ፣ በአውቶቡስ ወርዳ፣ አጥባ፣ ጠርጋ፣ የልጅቷን ፀጉር ሠርታ፣ የማታውን መድኃኒት ለማፍላት ትመለሳለች። ጉልበቷ ያበጠው ያኔ ነው። ክንዱ ሲጠገን ሩይፋንግ «ይበቃል እማ፣ ራስሽን ገደልሽ» ብላ ከለከለቻት፤ ዶውዶውን በበዓል በበዓል ትልክላት ጀመር።

መንደሩ ደግሞ ዝም የሚል አይደለም። በውሃ ቧንቧው ዘንድ አንዷ «ሱዠን፣ እስቲ የእኔንም ምራት አባሪልኝ፤ ቤቱ ጠቦኛል» አለቻት። ሌላዋ ሳቀች። ሱዠን ባልዲዋን ሞልታ ሄደች። ሁይሚን ለዘመን መለወጫ አልመጣም። ስልኩንም አያነሣም። እሷ ግን ሥጋ የሞላ ጥቅልል ሊጥ ለሦስት ሰው ሠርታ ነበር፤ ለእኔ በሳህን አመጣችልኝ። «ሁይሚን አይወደውም ብለሽ ነው?» አልኩ ሳላስብ። «እሱ የሚወደው ይሄንን ነው» አለችኝና ሄደች።

በዚያው ክረምት አንድ ከሰዓት ቀይ ሥር ይዤላቸው ገባሁ። እማማ ኮው መደቡ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እንደ ጎጆ ወፍ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ሱዠን በማንኪያ ታጠጣቸዋለች። ጆሯቸው ደክሟል፤ ሁሉ ነገር ግን ቆይቶም ቢሆን ይደርሳቸው ነበር።

«ምራትሽን አሰናበትሻት አሉ» አሏት በድንገት።

«አዎ እናቴ።»

«እኔ አንቺን አሰናብቼሽ ነበር?»

«የለም።»

«ያ አናጢ ሲመጣ ልቀቂያት ብለውኝ ነበር፤ የማንጻንግ አጎት። አልለቀቅኩሽም።» አንድ ማንኪያ ዋጡ። «ብትሄጂ ኖሮ ይሄን ማን ያፈላልኝ ነበር?»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «ለዚህ ነው ያስቀሩኝ?»

«ለዚህ ነው። ሌላ ለምን ይመስልሻል?»

ሱዠን ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን በአፍንጫዋ እንደ ሳቅ ያለ ነገር አወጣች። «ይክፈቱ» አለቻቸው፤ አሮጊቷም አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ደጅ ስትሸኘኝ «ስንት ዘመን ከክፋት ነው እያልኩ ኖርኩ» አለችኝ። «ፈርተው ነው እኮ።» ይቅር ያለቻቸው አልመሰለኝም። ግን ከዚያ በኋላ ስታጠጣቸው ፊቷን አታዞርም ነበር።

እማማ ኮው የሞቱት ስንዴው ከታጨደ በኋላ ነው። ሬሳ ሣጥናቸው አስቀድሞ ተሠርቶ ጓዳ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስንዴ ይቀመጥበት ስለነበር፣ ስንዴውን አውጥተን እሳቸውን አስገባናቸው። ሁይሚን ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሶ መጥቶ ከሣጥኑ ፊት ተንበረከከ፤ ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። ሩይፋንግም ዶውዶውን ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም ነበር። «ጥፍራቸውን ማን ቆረጠ?» ብላ ጠየቀች፤ አለመቆረጡን ስታይ ገብታ ቆረጠችላቸው። ከቀድሞ ባሏ ጋር «እህ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። ልጅቷ ግን አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ዳቦ በላች።

ከቀብሩ በኋላ ሱዠን ተኛች። በማግስቱም ተኝታለች። በሦስተኛው ቀን ጭስ ከቤቷ ሳይወጣ ሲቀር ግድግዳውን ደበደብኩ፤ መልስ የለም። ሮጬ ገባሁ። መደቡ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ሱዠን! አለሽ?»

«አለሁ።»

«ተነሺ እንጂ፤ ምን ሆነሻል?»

«ለማን ልነሣ?» አለች። ምሬት አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር። እሳቱን አንድጄላት ወጣሁ።

ኋላ ተነሣች። አንድ ሰው ለብቻው ያለበት ቤት ሥራው ጥቂት ነው፤ እሷ ግን ያው ቶሎ ይደክማታል። «ድሮ ሁሉን ተሸክሜ ያልደከመኝ አሁን ባዶ እጄን ስሆን ይደክመኛል» ትላለች። የከተማው ሐኪም ጉልበቷ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል ብሏታል። «ከፖሙ በኋላ» ትለዋለች፤ ከፖሙ በኋላ ደግሞ ብርድ ነው ትላለች።

ባለፈው መኸር ፖም እየለቀምን ሳለ የጭነት መኪና ከአትክልቱ ሥር ቆመ። ሁይሚን ነው። ከስቷል። መሰላሉን ከእናቱ እጅ ወስዶ ወጣና መልቀም ጀመረ። እሷ ከሥር ቅርጫት ትቀበለዋለች።

«አልጠጣሁም» አለ ከላይ።

«አልጠየቅኩህም።»

«ከሙታን መቃብር መጥረጊያው በዓል ወዲህ አልጠጣሁም ነው የምልሽ።»

«ሰማሁ። ያንን ቀዩን ተወው፤ ወፍ በልቶታል።»

ጥቂት ቆይቶ፤ «ሩይፋንግ ደህና ናት?»

«ጠይቃት።»

«አታነሣልኝም።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግህ?»

«አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች።»

ሱዠን ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች፤ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና አየችው። «ለእሷ ያላልኩትን ለአንተ ብዬ አልላትም፣ ሁይሚን። ብትፈልግ ትምጣ፤ ባትፈልግ ትቅር። አንተ ልጅህን ሂድና እያት፤ በፀሐይ፣ ሳትጮህ።»

እስኪመሽ ድረስ ለቀመ፤ ሣጥኖቹን ጫነ፤ የቀረበለትን ኑድል በልቶ ሳህኑን ራሱ አጠበ። ሊሄድ ሲል «ሐኪሙ ዘንድ ልውሰድሽና ጉልበትሽን ያክምልሽ» አላት። «እስቲ እናያለን» አለችው። መኪናው ኮረብታውን ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ሱዠን በአንድ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ቀረች። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ኮቷን አምጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣልኩላት፤ እኔም ሣጥን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ከስቷል አይደል?» አለችኝ።

«ከስቷል።»